ከፍሎ ማስመለስ፦ በሽተኛው ለመድኅኑ የሚያበድረው ገንዘብ

የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድኅን በኢትዮጵያ የተጀመረው በ2003 ዓ.ም. ሲሆን፣ ሙከራው በትግራይ፣ በአማራ፣ በኦሮሚያና በቀድሞው የደቡብ ብሔሮች፣ ብሔረሰቦችና ሕዝቦች ክልል 13 ወረዳዎችን ያቀፈ ነበር። የመደበኛው ዘርፍ ሠራተኞች መድኅን በአዋጅ ቁጥር 690/2002 ተደንግጎ ሳለ ለዓመታት ሥራ ላይ ሳይውል ሲቆይ የገበሬው ቀድሞት ሄደ። መሠረተ ሐሳቡ ግልጽ ነው። ቤተሰቡ በጤናው ጊዜ ዓመታዊ መዋጮ ይከፍላል፤ ሲታመም ውል ከገባው ተቋም ገንዘብ ሳያወጣ ይታከማል፤ ሂሳቡን መድኅኑ ለተቋሙ ይከፍላል።

ይህ ቃል ኪዳን የሚፈርሰው አብዛኛውን ጊዜ በመድኃኒት ቤቱ መስኮት ላይ ነው። የታዘዘው መድኃኒት ከተቋሙ ሲጠፋ አባሉ ከግል መድኃኒት ቤት ገዝቶ ገንዘቡን እንዲያስመልስ ይነገረዋል። አሠራሩ ከወረዳ ወረዳ ቢለያይም የሐኪም ማዘዣ፣ ሕጋዊ ደረሰኝና መድኃኒቱ በተቋሙ አለመኖሩን የሚያረጋግጥ ማስረጃ መጠየቁ የተለመደ ነው። ሐሰተኛ ደረሰኝ መድኅኑን ሊያከስር ስለሚችል ጥንቃቄው አግባብ አለው። ይሁን እንጂ የጥንቃቄው ዋጋ በሙሉ የተጫነው በበሽተኛው ላይ ነው።

በጌዴኦ ዞን ይርጋ ጨፌ ወረዳ የምትገኘው አሪቻ በቡናዋ የታወቀች ናት። የቡና አምራች ቤተሰብ ጥሬ ገንዘብ በእጁ የሚገባው በለቀማው ወራት ሲሆን፣ በክረምት ቤቱ የሚኖረው በእንሰቱ ነው። ከዚህ ቤተሰብ አንድ የስኳር ሕመምተኛ በነሐሴ ወደ ዲላ ተልኮ መድኃኒቱን በራሱ ገንዘብ ግዛ ቢባል ተበድሮ ይገዛል። ደረሰኙን ይዞ ወደ ወረዳው ጽሕፈት ቤት ለመመላለስ ደግሞ የመኪና ዋጋና የሥራ ቀን ያወጣል። የሚመለሰው ገንዘብ ከዚህ ካነሰ መብቱን መተዉ የሂሳብ ጉዳይ እንጂ ስንፍና አይደለም። ሕመሙ ሥር የሰደደ በመሆኑም በሚቀጥለው ወር ያው ይደገማል።

በፈረንሳይ ቀድሞ ከፍሎ ማስመለስ የቆየ ልማድ ነው። ይሁንና በዚያ ተመላሹ በባንክ ሂሳብ ይገባል፤ ከ1990 ዓ.ም. ጀምሮም በኤሌክትሮኒክ ካርድ ይታገዛል። ባንክም ካርድም በሌለበት ልማዱን ብቻ መያዝ ግን የመድኅንን ትርጉም ይገለብጠዋል።

የጤና ባለሙያውም ከዚህ ነቀፌታ አያመልጥም። ብዙዎች ጉዳዩን የፋይናንስ ክፍል ሥራ አድርገው ይቆጥሩታል። ነገር ግን የማይነበብ ማዘዣ፣ ቀን ወይም የመለያ ቁጥር የጎደለው ወረቀት፣ በሳይንሳዊ ስሙ ፈንታ በንግድ ስሙ የታዘዘ መድኃኒት የበሽተኛውን ጥያቄ ውድቅ ሊያደርገው ይችላል። ማኅተም ለማስመታት ዳግመኛ የተሰለፈ በሽተኛ ሊሰለፍ የተገደደው በማዘዣው ጸሐፊ ምክንያት ነው።

የተሻለው መንገድ አልጠፋም። በአዲስ አበባ ከከነማ መድኃኒት ቤቶች ጋር እንደተደረገው ሁሉ መድኅኑ ከተመረጡ መድኃኒት ቤቶች ጋር ውል ቢገባና በተወሰነ ዋጋ በቀጥታ ቢከፍል ደረሰኙ ከበሽተኛው እጅ ይወጣል። ከዚያ በፊት ግን መድኅኑ የተቋማቱን ሂሳብ በወቅቱ ሊከፍል ይገባል፤ የዘገየው ክፍያ መድኃኒቱ ይገዛበት የነበረው ገንዘብ ነውና። መዋጮው በየዓመቱ ይታደሳል፤ ቡናው ተሸጦ መዝጋቢው ደጃፍ ላይ ሲቆም፣ ያልተመለሰ ደረሰኝ በሳጥኑ ያስቀመጠ ቤተሰብ ሊሰጠው የሚችለውን መልስ ለመገመት አያዳግትም።