ውሃው የሚያድርበት ቁልቁለት

ፐርማካልቸር ልማር ወደ ፖርቱጋል ልሄድ ነው ስል፣ በተፋሰስ ልማት አብረውኝ የሠሩ ባልደረቦቼ «እርከን ለመማር ባሕር ማዶ ምን ያስኬዳል?» አሉኝ። ተገቢ ጥያቄ ነበር። እኛ አገር በየዓመቱ በጥርና በየካቲት ሕዝቡ አካፋና ዶማውን ይዞ ወደ ተራራ ይወጣል። ትሬንች፣ ፋንያጁ፣ ክትር ለገጠሩ ሰው የዘወትር ቃላት ናቸው። እኔም በልማት ጣቢያ ስሠራ የኖርኩት በገመድና በውሃ ልክ የኮንቱር መስመር ሳወጣ ነው። የጎደለኝ ዘዴ አልነበረም። ማየት የፈለግሁት መስመሩን ያወጣው፣ የቆፈረውና ክረምቱን እዚያው የሚያሳልፈው አንድ ሰው የሆነበትን ቦታ ነው።

የሄድኩበት ታሜራ በደቡብ ፖርቱጋል፣ በአለንቴጆ ክልል፣ ኮሎስ አቅራቢያ ያለ የማኅበረሰብ መንደር ነው። ከጀርመን የመጡ ሰዎች እ.ኤ.አ. በ1995 መሠረቱት። አካባቢው በመሬት ድካም የሚታወቅ ነው፤ ድካሙም ታሪክ አለው። በ1929 በወታደራዊው አገዛዝ የተጀመረው የስንዴ ዘመቻ፣ አገሪቱ ስንዴ ከውጭ እንዳታስገባ በማሰብ ሜዳና ዳገት ሳይለይ አሳረሰ። ስስ የነበረው አፈር ታጥቦ ሄደ። ዛሬ በኮረብቶቹ ላይ ጎልቶ የሚታየው የቡሽ ዛፍ ነው። ቅርፊቱ በ9 ዓመት አንዴ ይላጣል፤ የተላጠበት ዓመት የመጨረሻ አኃዝም ግንዱ ላይ በቀለም ይጻፋል። በ2017 የተላጠ ዛፍ 7 ይጻፍበታል፤ እስከ 2026 ማንም አይነካውም። ዛፉን የተከለ ሰው የመጀመሪያውን ቅርፊት ለማየት 25 ዓመት ያህል ይጠብቃል። መሬትን በዚህ የዘመን ልክ የሚያስብ ሙያ ሳይ ልቤ ይሞቃል።

የአካባቢው ዝናብ የሚመጣው በብርዱ ወራት ነው። ሙቀቱ ሲከር ሰማዩ ጭራሽ ይዘጋል። ስለዚህ በቅዝቃዜው የወረደውን ውሃ እስከ ሐሩሩ ማቆየት የሞት ሽረት ጉዳይ ነው። ማኅበረሰቡ ሴፕ ሆልዘር ከተባለው ኦስትሪያዊ ገበሬ ጋር ሆኖ በ2007 የመጀመሪያውን ሐይቅ መሥራት ጀመረ። ሲሚንቶ የለበትም፤ ፕላስቲክም አልተነጠፈበትም። ወለሉ ውሃ ወደ ውስጥ እንዲያሰርግ ሆን ተብሎ ተትቷል፤ የተፈለገው ኮረብታው ራሱ እንዲጠጣ ነውና። የሚደፈነው ግድቡ ብቻ ነው። በግድቡ መካከል ውሃ የማያሳልፍ ንብርብር እስኪገኝ ድረስ ቦይ ይቆፈራል፤ ከዚያ እርጥብ ሸክላ አፈር በስሱ እየተደረበ በማሽን ይጠቀጠቃል። ዋናው ቁም ነገር የሸክላው እርጥበት ነው። ከደረቀ አይያያዝም፤ ከልክ በላይ ከራሰም ከማሽኑ ሥር እንደ ሊጥ ይሸሻል። ሸክላው ለግድብ መሆኑን ለመለየትም ላቦራቶሪ አይጠበቅም። አፈሩን አርሶ በሁለት መዳፍ መካከል እርሳስ እስኪያህል ማንከባለል፣ ከዚያ እንደ ቀለበት ማጠፍ ነው። ሳይሰነጠቅ ከተጠቀለለ ለግድብ ይሆናል። ይህን ፈተና ደጋግሞ የሠራ ጣት ከብዙ መጽሐፍ ይበልጣል ብዬ አምናለሁ።

መስመር የምናወጣበት መሣሪያም እንዲሁ ከእጅ የማይርቅ ነበር። ሁለት እኩል እንጨቶች አናታቸው ላይ ይታሰራሉ፤ መካከላቸው አግዳሚ ይመታል፤ ከአናቱ በክር ድንጋይ ይንጠለጠላል። መሣሪያው ሲቆም ክሩ አግዳሚውን የሚነካበት ቦታ ምልክት ይደረግበታል። ሁለቱ እግሮች ቦታ ተለዋውጠው እንደገና ምልክት ይደረጋል። የሁለቱ ምልክቶች መሐል ልኩ ነው፤ ክሩ እዚያ ላይ ሲያርፍ እግሮቹ በእኩል ከፍታ ቆመዋል ማለት ነው። እንዲህ እያሉ፣ ችካል እየመቱ፣ ቁልቁለቱን ተሻግሮ መሄድ ነው። በእኛ ገመድ ሁለት ሰው ዘንግ ይይዛል፣ አንድ ሰው መሐል ቆሞ ውሃ ልኩን ያነባል። በዚህኛው ግን ገበሬው ብቻውን መስመር ያወጣል፤ ሲበላሽም ባለሙያ እስኪመጣ አይጠብቅም።

ቢል ሞሊሰንና ዴቪድ ሆልምግሬን በአውስትራሊያዋ ታዝማኒያ የጠነሰሱትን የፐርማካልቸር ሐሳብ በ1978 በመጽሐፍ ካወጡት ወዲህ ብዙ አገር ገብቷል፤ መደበኛው የዲዛይን ኮርስም 72 ሰዓት ነው። ሆልምግሬን ኋላ ከዘረዘራቸው 12 መርሆች የመጀመሪያው ማስተዋል ነው። በውሃ ሥራ ይህ መርህ ጉልበት የሚያገኘው በዝናብ ነው። አብሬያቸው የሠራኋቸው ሰዎች ዝናብ ሲጀምር ቦቲ ጫማቸውን አጥልቀው፣ አካፋ ይዘው ይወጣሉ። የሚወርደው ውሃ ከደፈረሰ ከላይ ልብሱን ያጣ መሬት አለ፤ ወደ ላይ ተወጥቶ ይፈለጋል። በመስመሩ በተቆፈረው ቦይ ውስጥ ውሃው ወደ አንድ ጫፍ ካዘነበለ መስመሩ ስቷል። ጎርፉ ካለፈ በኋላ ሣሩ ላይ ተሰልፎ የቀረው ቅጠልና ጭራሮ ውሃው የት ድረስ እንደወጣ ይናገራል፤ ማስተንፈሻው ጠቦ እንደሆነም የሚታወቀው በዚያ ነው። እነዚህን ነገሮች በፀሐይ ቆሞ የሚያይ የለም።

እኛ ጋ ቁፋሮው በበጋ ያልቃል። ሪፖርቱ በኪሎ ሜትር ይጻፋል። ሐምሌ ሲገባ መስመሩን ያወጣው ባለሙያ ሌላ ሥራ ላይ ነው። አንድ እርከን በአንዲት ቦታ አንድ ስንዝር ቢጎድል፣ በርዝመቱ ሁሉ የተጠራቀመው ውሃ ወደዚያች ጎዶሎ ይሮጣል፤ ይደረምሳታል፤ ከታች ያለውን እርከንም ይዞ ይወርዳል። ያለ እርከን ተበትኖ ይወርድ የነበረው ጎርፍ ተሰብስቦ ቦረቦር ይሆናል። አንድ አካፋ አፈር በሰዓቱ ቢደረግበት ይድን ነበር። ጉልበት አላነሰንም፤ ክረምቱን ነው ለብቻው የተውነው።

ይህን የሚያውቅ ሕዝብ ግን አለን። የኮንሶን የድንጋይ እርከኖች ዩኔስኮ በ2011 በዓለም ቅርስነት መዝግቧቸዋል፤ ከ400 ዓመት በላይ የቆየ ሥራ ነው። ሰዉ የዝናብ ውሃ የሚያቆርበት ሀርዳ የሚባል ኩሬም አለው፤ የሚሠራውም የሚጠገነውም በጋራ ነው። ታሜራ ሆኜ ስለ ውሃ ማቆር ስንማር ደጋግሜ የማስበው ስለ ኮንሶ ነበር።

የታሜራን ኑሮ ነገር በአጭሩ ልበል። ሽንት ቤቱ በመጋዝ ብናኝ እየተሸፈነ ወደ ኮምፖስት ይለወጣል፤ ወጡ በመስታወት በተሰበሰበ ፀሐይ ይበስላል። ስብሰባው ረጅም ነው። መንፈሳዊ አስተምህሮአቸውን አልተቀበልኩም፤ እነሱም አላስገደዱኝም። ከዘዴዎቻቸውም ሁሉም ለእኛ አይሆንም። የዋልካ መሬት ላይ በክረምት ችግሩ ውሃ ማነሱ ሳይሆን መተኛቱ ነው፤ እዚያ ጠፍጣፋ ቦይ ቆፍሮ ውሃ ማቆር ሰብልን ማስመጥ ነው። ዋልካ ሲደርቅ ስለሚሰነጠቅም ለግድብ እምብርት አልመርጠውም። ዝናብ በሚበዛበት ደጋ እርከኑ በጥቂቱ ዘንበል ብሎ ትርፉን ወደ ማፋሰሻ መልቀቅ አለበት።

ከሁሉም የከበደው ግን ይኸው ትርፍ ውሃ ነው። ታሜራ ሸለቆው ሙሉ የአንድ ማኅበረሰብ ስለሆነ ማስተንፈሻው የት ይውረድ ብሎ የሚጣላ የለም። እኛ ጋ አንድ ቁልቁለት ለብዙ አባወራ ተሸንሽኗል። ከተመለስኩ በኋላ መስመር ስናወጣ አንድ አዛውንት ገበሬ ከችካሉ አጠገብ ቆመው «ልጄ፣ ይኼ ውሃ ከእኔ ማሳ ሲወጣ የማን ነው?» ብለው ጠየቁኝ። «አባባ፣ እሱን ከጎረቤቶችዎ ጋር ሆነን ነው የምንወስነው» አልኳቸው። የዚያን ዕለት ሥራ አቆምን። አሁን በምሠራበት ቀበሌ ከላይ እስከ ታች ያሉት ባለ ማሳዎች መጀመሪያ ይቀመጣሉ፤ ውሃው በማን ድንበር እንደሚያልፍ፣ መውረጃውን ማን በሣር እንደሚያለብሰው፣ በሐምሌ ዝናብ ማን አካፋ ይዞ እንደሚወጣ ይነጋገራሉ። አንዳንዴ ንግግሩ ከቁፋሮው ይረዝማል። ገመዱ የሚዘረጋው ከዚያ በኋላ ነው።