የመብራቱ ምስክርነትና የብረቱ ሥራ

ከደሴ ተነሥቶ በጉጉፍቱና በአቀስታ በኩል መካነ ሰላም የሚደርሰው መንገድ ወደ 180 ኪሎ ሜትር ይጠጋል፤ ከዚያ ወዲያ ግን ከተማዋን ለቆ ወደ ዓባይ በረሓ በሚያቆለቁሉት፣ ወይም ወደ ሳይንት ደጋ በሚወጡት የገጠር መንገዶች ላይ፣ በበጋ የግማሽ ቀን የሆነው ጉዞ ዋልካው ውኃ ጠጥቶ በሚላቁጥበት በነሐሴ ሁለት ቀን ሊፈጅ ይችላል። እንግዲህ እንዲህ ባለ አገር፣ ምጥ ያስጨነቃትን እናት ወደ ሆስፒታል የሚያደርሰው፣ ማዳበሪያና የዘር እህል የሚያመላልሰው፣ ሟችንም ቢሆን ወደ ትውልድ ቀዬው የሚመልሰው አሮጌ መኪና፣ ከዳገቱ ወገብ ላይ ደርሶ የፊት ጎማዎቹ አንሠራም ሲሉት፣ ነገሩ የሹፌሩ ችግር ብቻ ሆኖ አይቀርም። ስለዚህም፣ የፎር ዊልን የኤሌክትሪክ ብልሽት ከቤት ግቢ ውስጥ፣ በጥቂት መሣሪያና በብዙ ትዕግሥት ፈልጎ ማግኘት የሚቻልበትን ጥበብ በሚመለከት፣ ከሥራው ያገኘሁትን ሐሳብ ለአንባቢ ማካፈል ይገባኛል እላለሁ።

በእኛ ደጋ ከሚዘወተሩት መኪኖች መካከል ታላቁን ስፍራ የያዘው የቶዮታ ላንድክሩዘር ነው፤ ከእርሱም ወገን እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1984 የወጣው 70 የሚባለው ዘር፣ ይልቁንም ከ1990 ጀምሮ 4164 ሲሲ የሆነውን ባለ ስድስት ሲሊንደር የናፍጣ ሞተር የተሸከመው፣ በመሥሪያ ቤትና በእርዳታ ድርጅት ሲያገለግል ኖሮ፣ በመጨረሻ በጨረታ ወደ ነጋዴውና ወደ ግለሰቡ እጅ ገብቶ ይገኛል። የዚህ መኪና ዋናው የኃይል ማስተላለፊያ ግዙፍ ነው፤ ማንሻው በእጅ ይሳባል፣ ጥርስ ከጥርስ ይገጥማል፣ በፊት ጎማዎቹ እምብርት ላይ ያለው ፍሪዊልም በጣት ይዞራል። ረቂቁ ነገር፣ ኮረንቲው ማለት ነው፣ በዚህ ግዙፍ አካል ላይ በሁለት ግብር ይገኛል፤ በአንድ ወገን፣ ብረቱ የሠራውን በዳሽቦርዱ መብራት የሚነግረን ምስክር ነው፤ በሌላ ወገን፣ ግራና ቀኝ ጎማዎችን እኩል እንዲዞሩ የሚያስረው ዲፈረንሻል ሎክ ባላቸው መኪኖች ላይ፣ ራሱ ሞተር አዙሮ ብረትን ከብረት የሚያስር ሠራተኛ ነው። በዚህ ሙያ የቆየሁበት ዘመን አንድ ታላቅ ነገር አስተምሮኝ ከሆነ፣ ምስክሩንና ሠራተኛውን ለይቶ መመርመር የሥራው እኩሌታ መሆኑን ነው።

ማንሻውን ስቦ መብራቱ ሳይበራ የቀረበት ሰው «ፎር ዊሉ ሞቷል» ብሎ ይፈርዳል፤ መብራቱ የበራለት ደግሞ አራቱም ጎማ ኃይል እንዳገኘ አምኖ ወደ ገደሉ አፋፍ ይነዳል። ሁለቱም ያለ ምርመራ የፈረዱ ናቸው። መብራቱ የሚያውቀው ኃይሉን ለፊትና ለኋላ ጎማዎች ከሚያካፍለው ከትራንስፈሩ ጎን ላይ የተሰካችው ትንሽ ማብሪያ መነካቷን ብቻ ሲሆን፣ ከጎማው ጋር አንዳች የቀጥታ ግንኙነት የለውም። ማብሪያዋ በጭቃና በዝገት ደንዝዛ፣ ብረቱ ግዴታውን እየፈጸመ ሳለ መብራቱ ዝም ሊል ይችላል፤ ፍሪዊሉን ማዞር ተረስቶ ሳለም መብራቱ ፍንትው ብሎ ሊበራ ይችላል። የአንድምታ መምህር አንዱን ኃይለ ቃል ይዞ «አንድም» እያለ ፍቺውን እንደሚያበዛ፣ መካኒኩም ያንዲቱን መብራት መብራትና መጥፋት በአንድ ፍቺ ብቻ ሊዘጋው አይገባውም።

እንግዲያውስ አስቀድሞ ብረቱ ራሱ ይጠየቅ። መኪናውን ከደልዳላ መሬት ላይ አቁሞ፣ የእጅ ፍሬኑን አጥብቆ፣ የኋላ ጎማዎቹን ከፊትም ከኋላም በድንጋይ ታኮ ካስያዙ በኋላ፣ ሞተሩ እንደ ጠፋ ፎር ዊሉን አስገብቶ፣ ሁለቱንም ፍሪዊል ቆልፎ፣ አንዱን የፊት ጎማ ብቻ በክሪክ ማንሣት ነው። ያን ጎማ በእጅ ለማዞር ሲሞከር ጥቂት ተነቃንቆ እምቢ ካለ፣ ኃይሉ እስከ ጎማው ድረስ ተሳስሯልና መብራት ባይበራም ፎር ዊሉ ደኅና ነው፤ ጎማው እየዞረ ወደ ፊት ዲፈረንሻል የሚሄደው ረጅሙ ዘንግ አብሮ ከዞረ ትራንስፈሩ አልገባም፤ ጎማው ዞሮ ዘንጉ ከቆመ ደግሞ ብዙውን ጊዜ ከሁለቱ ፍሪዊል አንዱ አልያዘም። ይህን ለማወቅ የሚያስፈልገው አንድ ክሪክና ከመኪናው ሥር ያለውን ዘንግ የሚመለከት አንድ ልጅ ብቻ ሆኖ ሳለ፣ ስንቱ ሰው ይህን ሳያደርግ ትራንስፈር አስወርዷል! ብረቱ ንጹሕ መሆኑ ከተረጋገጠ በኋላ ወደ ምስክሩ መሄድ ቀላል ነው፤ የማብሪያዋን ሶኬት ነቅሎ፣ ቁልፉን ከፍቶ፣ ሁለቱን ሽቦዎች በአጭር ሽቦ ማገናኘት፤ መብራቱ ከበራ ጥፋቱ የማብሪያዋ ነው፣ ካልበራ ከአምፖሉ፣ ከፊውዙ ወይም ከመንገዱ ላይ ይፈለጋል።

ኮረንቲው ሠራተኛ ወደሆነበት ወደ ዲፈረንሻል ሎኩ ስንመጣ ነገሩ ይረቃል። ሹፌሩ በዳሽቦርዱ ላይ ያለውን ክብ ማብሪያ ሲያዞር፣ በዲፈረንሻሉ ቅርፊት ላይ የተቀመጠ ትንሽ ሞተር ይዞርና ጥምዝ ስፕሪንግ ያጠነጥናል፤ ስፕሪንጉም ጥርሶቹ ትይዩ እስኪሆኑ ጠብቆ መቆለፊያውን ይገፋዋል፤ መቆለፊያው ከቦታው ሲደርስ ሌላ ትንሽ ማብሪያ ይነካና እስከዚያ ድረስ ሲብለጨለጭ የነበረው መብራት ይጸናል። ስለዚህ መብለጭለጭ ብቻውን የብልሽት ምልክት አይደለም፤ ጥርሶቹ ገና አልገጠሙ እንደ ሆነ፣ መኪናውን በዝግታ ጥቂት ወደ ፊት ማስኬድና መሪውን በመጠኑ ግራና ቀኝ ማለት ይበቃል። 80 በሚባለው የላንድክሩዘር ዘር ላይ፣ ብዙዎች ኮምፒዩተር የሚሉት መቆጣጠሪያ ሳጥን በሰዓት ከ8 ኪሎ ሜትር በላይ ለሚሮጥ መኪና ሎኩን ስለማያስገባ፣ ቸኩሎ የሚነዳ ሰው ደኅናውን ዕቃ ይወቅሳል።

እውነተኛ ብልሽት ሲሆን ግን ጀማሪውን የሚያስተው ቴስተር የሚባለው መለኪያ ነው። ጀማሪው የመለኪያውን ሁለት ጫፎች ከሞተሩ ሶኬት ላይ ያደርግና 12 ቮልት ሲያነብ «ኮረንቲ ደርሷል» ብሎ ሞተሩን ይኰንናል። መለኪያው ከኢምንት በቀር ኮረንቲ የማይጠይቅ ስለሆነ፣ ከብዙ ክሮች አንዲት ክር ብቻ በቀረችለት ሽቦ በኩል እንኳ ሙሉውን ቮልት ያነባል። ጀርመናዊው ጌዎርግ ኦም በ1827 በመጽሐፍ ያወጣው ሕግ እዚህ ላይ በግልጥ ይሠራል፤ በዛገ ማያያዣ ላይ ግማሽ ኦም ብቻ የምትሆን መከላከል ብትኖር፣ 10 አምፔር ሲያልፍባት 5 ቮልት እዚያው ይቀራል፣ ከ12ቱ ለሞተሩ የሚተርፈው 7 ብቻ ይሆናል፤ በዚያችው ማያያዣ በኩል አንድ አሥረኛ አምፔር ብቻ የምትፈልገው የዳሽቦርድ አምፖል ብትመገብ ግን የሚጎድልባት ከቁጥር የማይገባ ነው። መብራቱ በርቶ ሳለ ሞተሩ የማይዞርበት ምስጢር ይህ ነው።

ለዚህ ከሚገዛው መለኪያ ይልቅ የምወድደው መሣሪያ፣ አጭር መብራቱ ተቃጥሎ ረጅሙ የቀረለት አሮጌ የፊት መብራት አምፖል ነው፤ ሁለት ሽቦ በብየዳ አስይዤበት፣ በሞተሩ ምትክ ከሶኬቱ ጋር አገናኘዋለሁ። ይህ አምፖል ወደ 5 አምፔር የሚጠጋ ኮረንቲ ስለሚጠይቅ፣ መንገዱ ደኅና ከሆነ ሎኩ በታዘዘ ጊዜ ዓይን የሚወጋ ነጭ ብርሃን ይሰጣል፤ መንገዱ ከታመመ እንደ እርጥብ ፍም ቀልቶ ይቀራል። ቀልቶ ሲቀር፣ መለኪያው ትክክለኛ ሥራውን የሚያገኘው ያን ጊዜ ነው፤ አምፖሉ እየበራ ሳለ አንዱን ጫፍ ከባትሪው ኔጋቲቭ፣ ሁለተኛውን የመቆጣጠሪያው ሳጥን ኔጋቲቭ ከቦዲው ጋር ከታሰረበት ላይ አድርጎ ቢያነቡ፣ ከ0.2 ቮልት እጅግ የበለጠ ቁጥር ከታየ ጠላቱ ተገኝቷል። በእኛ አገር ብዙ ጊዜ የሚገኘውም እዚያው ነው፤ ቡሎኑ ሲፈታ ከቀለበቱ ሥር አረንጓዴ ዱቄትና የደረቀ ጭቃ ተጋግሮ ይታያል፤ በብርጭቆ ወረቀት ብረቱ እስኪያበራ ፍቆ፣ መልሶ አጥብቆ፣ ከላይ ግራሶ መቀባት ነው።

አንድ ወጣት ሹፌር ከወግዲ በኩል መኪና ይዞ መጥቶ፣ «ጋሼ፣ ኮምፒዩተሩ ሄዷል ብለውኛል፤ ዋጋውን ስሰማ ልቤ ወረደ፤ እስቲ እርስዎ ይዩልኝ» አለኝ። «ልጄ፣ ኮምፒዩተሩ መሄዱን ማን መረመረው?» ብለው «ኧረ ማንም፤ እንዲያው ሌላው ሁሉ ደኅና ነው ብለው ነው እንጂ» አለ። አምፖሉ ከሶኬቱ ላይ ነጭ ሆኖ በራ፤ ስለዚህ ሳጥኑም ሽቦውም ከክስ ነጻ ወጡ። ሞተሩን ከዲፈረንሻሉ ላይ ፈትተን ስንከፍተው፣ የጎማ ማተሚያው ደርቆ ተሰንጥቋል፤ በውስጡ ውኃ ቆሞ ኖሮ ማግኔቶቹን ከቅርፊቱ ጋር ያጣበቀው ሙጫ ለቆ፣ አንደኛው ማግኔት በዝገት ተነሥቶ መሐሉን አንቆታል። ዝገቱ ተጠርጎ፣ ማግኔቱ በቦታው በጠንካራ ሙጫ ተመልሶ፣ አዲስ ማተሚያ ተደርጎለት ዞረ። እንዲህ ያለውን የተፈታ ሞተር በጠረጴዛ ላይ ባለ ፊውዝ ሽቦ ከባትሪ ሰጥቶ ወደ ግራና ወደ ቀኝ ማዞር የሚፈቀደው ለቅጽበት ብቻ ነው፤ ጫፉ ላይ ደርሶ ቆሞ ኮረንቲ የሚጠጣ ሞተር ወዲያው ይቃጠላል። የዝገቱና የመታነቁ ሁሉ ምክንያት፣ መኪናን ወንዝ መሐል አቁሞ የማጠብ ልማድና፣ ሎኩን ከዓመት እስከ ዓመት ሳይነኩ መክረም ነው።

በአየር ስበት ፎር ዊላቸውን ስለሚያስገቡ መኪኖች፣ ከ1991 ወዲህ እንደ ወጣው ፓጄሮ ስላሉት ማለቴ ነው፣ ጥቂት ልበል። በእነዚህ ላይ ኮረንቲው ትንንሽ በሮችን ይከፍታል እንጂ ግፊቱን የሚሰጠው አየር ነው፤ ከ3000 ሜትር በላይ በሆነው በጉጉፍቱ ደጋ ደግሞ የአየሩ ግፊት በባሕር ዳርቻ ካለው ወደ ሰባ በመቶ ስለሚወርድ፣ ቆላ ላይ ምንም ያላሳየች የተሰነጠቀች ቱቦ እዚያ ላይ ጥፋቷ ይገለጣል። የናፍጣ ሞተር ከሆነም ስበቱን የሚሰጠው ፓምፕ ከዲናሞው ጀርባ ላይ ተያይዞ የሚገኝ ስለሆነና ፍሬኑም ከዚያው ስለሚያገኝ፣ ፎር ዊሉ አልገባ ባለበት ወቅት የፍሬን ፔዳሉ ከደነደነ ሽቦ መፈለጉን ትቶ ፓምፑን ማየት ይሻላል።

ከሁሉ ይልቅ የሚያሳዝነኝ በእነዚህ አሮጌ መኪኖች ሆድ ውስጥ የማገኘው የቀድሞ እጅ ሥራ ነው፤ ከባትሪ በቀጥታ የተሳበ ፊውዝ የሌለው ሽቦ፣ 15 አምፔር በሆነው በሰማያዊው ፊውዝ ቦታ የገባ 30ው አረንጓዴ፣ ከዚያም ብሶ በሲጋራ ብልጭልጭ ወረቀት የተጠቀለለ የተቃጠለ ፊውዝ። ፊውዝ የተቃጠለው ሽቦው እንዳይቃጠል ነው፤ እርሱን አታልሎ ያለፈ ሰው እሳቱን ከኮፈኑ ሥር ወደ ጋቢናው አስተላልፏል፣ በጋቢናውም ውስጥ ሰዎች ይቀመጣሉ። ለአንድ ቀን ማምለጫ ተብሎ የተሠራ ቀጥታ መስመር እንኳ ቢሆን፣ ፊውዝ ተደርጎለት፣ በናስትሮ ተጠቅልሎ፣ ከየት ወደ የት እንደ ተሳበ በወረቀት ተጽፎ ከመኪናው ሰነድ ጋር ካልተቀመጠ፣ ነገ መኪናውን የሚከፍተውን ሰው በጨለማ ማስገባት ነው።

ስለዚህ ጥገናው ካለቀ በኋላ በእኔ ግቢ የሚፈጸም ሥርዓት አለ። የሽቦው ቀለም፣ የፊውዙ ቁጥርና የተለወጠው ዕቃ በደብተር ይጻፋል፤ ሹፌሩም በየወሩ አንድ ጊዜ፣ ክረምት ሳይጠብቅ፣ ለስላሳ አፈር ባለበት ሜዳ ላይ ፎር ዊሉንና ሎኩን አስገብቶ ጥቂት ቀጥ ብሎ እንዲነዳና መልሶ እንዲያወጣ፣ መብራቱም መጽናቱንና መጥፋቱን እንዲያይ ይነገረዋል። አስፋልት ላይ እንዳያደርገው አስጠነቅቀዋለሁ፤ ጎማዎቹ የሚንሸራተቱበት ልል መሬት ካላገኙ የታሰሩት ጥርሶች እርስ በርሳቸው ይጨናነቃሉና።