የታላላቅ ወንድሞች ቁጥርና የወንዶች ጾታዊ ዝንባሌ

በካናዳ ይሠሩ የነበሩት ሬይ ብላንቻርድና አንቶኒ ቦጋርት እ.ኤ.አ. በ1996 ባወጡት ጥናት፣ ወደ ተመሳሳይ ጾታ የሚሳቡ ወንዶች ከሌሎች ይልቅ ብዙ ታላላቅ ወንድሞች እንዳሏቸው ገለጹ። እያንዳንዱ ታላቅ ወንድም ዕድሉን በአንድ ሦስተኛ ያህል ይጨምራል መባሉ ብዙዎችን ያስደንቃል። አኃዙ ግን አንጻራዊ ነው፤ መነሻው 2 በመቶ ቢሆን የሚደርሰው 2.6 በመቶ ገደማ ነው።

ቦጋርት እ.ኤ.አ. በ2006 ግንኙነቱ የታየው ከአንድ እናት በተወለዱ ወንድሞች ብቻ መሆኑን፣ አብሮ ማደግም ለውጥ አለማምጣቱን አሳየ። ይህ የሥራው ጠንካራ ጎን ነው። መንስኤውን ለማስረዳት የቀረበው ማስረጃ ግን የዚህን ያህል አይጠነክርም። እ.ኤ.አ. በ2017 በወጣው ጥናት በእናቶች ደም የተለካው የዋይ ክሮሞሶም ፕሮቲንን የሚቃወም አንቲቦዲ ነበር። ዋነኛው የንጽጽር ቡድን 23 እናቶችን ብቻ የያዘ ሲሆን፣ ደሙም የተወሰደው ከወሊድ ብዙ ዓመታት በኋላ ነው። ስለዚህ አንቲቦዲው በእርግዝና ወቅት በፅንሱ ላይ ያደረሰውን አያረጋግጥም።

እ.ኤ.አ. በ2022 የወጣ ሰፊ የኔዘርላንድ መዝገብ ጥናት ተመሳሳይ ግንኙነት በሴቶችም ላይ አግኝቷል። ይህም ለወንድ ፅንስ ብቻ የታሰበውን ማብራሪያ ያጠይቃል። እ.ኤ.አ. በ2023 ደግሞ የቪየና ተመራማሪዎች የቤተሰብ ብዛት በአግባቡ ካልተሰላ ግንኙነቱ የስሌት ስህተት ሊሆን እንደሚችል ተከራክረዋል።

የዓለም ጤና ድርጅት ይህን ዝንባሌ እ.ኤ.አ. በ1990 ከበሽታዎች ዝርዝር አውጥቶታል። እናት «ጥፋቱ የእኔ ማኅፀን ነው?» ብላ ብትጠይቅ፣ የጤና ባለሙያው ጥፋትም በሽታም እንደሌለ ሊነግራት ይገባል፤ በመላምት ላይ ተመሥርቶ የሚታዘዝ ምርመራም የለም።