ኢስታንቡልን ያየንበት ዓመት

በቴሌቪዥን በኩል ካየነው 2008 የቃና ዓመት ነው። የውጭ ድራማን በአማርኛ እያናገረ መጣና የቱርኩ «ጥቁር ፍቅር» ቡራዩ እኛ ሰፈር የእራት ሰዓት አስቀየረ። የኪነ ጥበብ ሰዎች «እንጀራችን ተወሰደ፣ ባህላችን ተበረዘ» አሉ። የእንጀራው ይገባኛል። የባህሉ ግን አላሳመነኝም፤ ድምፁን የሰጡት የእኛው ልጆች ናቸው። አማርኛን በኢስታንቡል ፖሊስ ከንፈር ልክ ማስገባት ደግሞ ቀላል እንዳይመስላችሁ፤ ኮድ ከመጻፍ አያንስም።

ችግሩ ሌላ ነው። በዚያው ዓመት ሰበታን፣ ቡራዩንና ሱሉልታን ከአዲስ አበባ ጋር ያቀናጃል የተባለው ማስተር ፕላን ተቃውሞ አስነሳ፣ ሰው ሞተበት፣ ጥር ላይ ተሰረዘ። የገበሬ መሬት፣ ካሳ፣ ደላላ፣ በሽያጭ ብር የተጣላ ቤተሰብ፦ ለድራማ ከዚህ በላይ ምን ይፈለጋል? እሺ፣ ከቃና አንጠብቅ። ያኔ የማያቸው የአገር ውስጥ ድራማዎች ግን ከቦሌ ቪላ ሶፋ መነሳት አቃታቸው። ከአየር ጤና ሰበታ እኮ የታክሲ መንገድ ነው!

እማዬ ገበያ በኦሮምኛ ተከራክራ ትመጣና ስለ ኤሊፍ በአማርኛ ታወራልን ነበር። እንደ እሷ የሚናገር ገጸ ባህርይ ዓመቱን ሙሉ አንድም አላየሁም።