የኩዊልት ፊትና ጀርባ፤ ለበጎ አድራጎት በማኅበር ስለሚሰፋ ልብስና ስለ ተቺዎቹ

በሰሜን አሜሪካ ሴቶች ዘንድ «ኩዊልት» እየተባለ የሚጠራው ልብስ ሦስት ድርብ ያለው ነው። ላዩ ልዩ ልዩ ቀለም ካላቸው ቍርጥራጭ ጨርቆች ተገጣጥሞ ይሠራል፤ በመካከሉ ባዘቶ ወይም ሌላ ሙቀት ሰጪ ነገር ይነጠፋል፤ ከሥሩም ወጥ ጨርቅ ይደረግና ሦስቱ በአንድነት በክር ተያይዘው ይሰፋሉ። በአማርኛ የሚቀርበው ቃል ቢፈለግ ድሪቶ ይገኛል፤ ነገር ግን ድሪቶ የድኽነት ስም ስለ ሆነ አንባቢውን ያሳስታል። ጨርቅ ውድ በነበረበት ዘመን የተሠሩት የቀድሞዎቹ የአሜሪካ ኩዊልቶች አብዛኛውን ጊዜ የባለጠጎች ቤት ዕቃ እንጂ የችግረኛ መጣፊያ አልነበሩም። ቍርጥራጭ እየገጣጠሙ መስፋት በሰፊው ሕዝብ ዘንድ የተለመደው የፋብሪካ ጨርቅ ከረከሰ በኋላ ነው።

በ1971 (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው) ጆናታን ሆልስታይንና ጌይል ቫን ደር ሁፍ የተባሉ ሰብሳቢዎች በኒውዮርክ ከተማ በዊትኒ የአሜሪካ ሥነ ጥበብ ቤተ መዘክር 60 ያህል ኩዊልቶችን ለትርኢት አቀረቡ። የትርኢቱም ስም ወደ አማርኛ ቢመለስ «ረቂቅ ንድፍ በአሜሪካ ኩዊልቶች» የሚል ነበር። ልብሶቹ ከአልጋ ተነሥተው እንደ ሥዕል በግድግዳ ላይ ተሰቀሉ፤ ተመልካቹም የዘመኑን ሠዓልያን ሥራ በሚያይበት ዓይን እንዲያያቸው ተጋበዘ። የምርጫው መሠረት የቀለሙና የንድፉ ኀይል ነበር፤ የስፌቱ ጥራትና የልብሱ ታሪክ ግን ወደ ኋላ ተተዉ።

ትርኢቱ ያመጣው ጥቅም ሊካድ አይገባም። በየቤቱ ሣጥን ውስጥ ብል ይበላው የነበረ ሥራ ከዚያ ወዲህ በሊቃውንት ዘንድ ክብር አግኝቷል። ሆኖም ፓትሪሺያ ማይናርዲ በ1973 ባወጣችው ጽሑፍ ጠንካራ ነቀፋ አቀረበች፤ የሴቶች ጥበብ የተከበረው የወንዶች ሥዕል ቀዳሚ መስሎ ስለ ታየ ብቻ ከሆነ ሠሪዎቹ ሁለተኛ ተረሱ ማለት ነው አለች። ነቀፋዋ ተገቢ ነበር። በ2002 የአላባማ ክፍል በሆነችው በጂስ ቤንድ የሚኖሩ የጥቍር አሜሪካውያን ሴቶች ኩዊልቶች በሂዩስተን፥ ኋላም በዚያው በዊትኒ ሲታዩ የሠሪዎቹ ስም ከየሥራቸው ጋር ቀረበ፤ በዚህም የጠፋው ስም በከፊል ተመለሰ።

ነገር ግን ስም የሚያጠፋውም አስተያየት፥ ስም የሚመልሰውም አስተያየት፥ አንዱን ልብስ የአንዲት ባለሙያ ሥራ አድርጎ ማየትን እንደ ደንብ ይዞታል። ለበጎ አድራጎት በማኅበር የሚሰፋው ኩዊልት በዚህ ደንብ አይመዘንም።

የቀድሞው የገጠር ልማድ ለአማርኛ አንባቢ እንግዳ አይደለም። ባለቤቲቱ ላዩን ገጣጥማ ከጨረሰች በኋላ ጎረቤቶቿን ትጠራለች፤ ጨርቁ በእንጨት መወጠሪያ ላይ ተወጥሮ ሴቶቹ ዙሪያውን ተቀምጠው ይሰፋሉ፤ ጠሪዋ ታበላቸዋለች፤ እርሷም በተራዋ ስትጠራ ትሄዳለች። ይህ ከደቦና ከወንፈል ጋር ይመሳሰላል፤ ሥራው ባለቤት አለውና፥ ድካሙም በድካም ይመለሳልና። የበጎ አድራጎቱ ማኅበር ግን መወጠሪያውንና ዙሪያውን ተቀምጦ መስፋቱን ከዚያ ልማድ ወርሶ ባለቤቱን አስቀርቶታል። ልብሱን የሚለብሰው ሰው ሩቅ አገር ነው፤ ስሙ አይታወቅም፤ ብድሩንም አይመልስም። ባለ እርሻ የሌለበት ደቦ ምን ሊመስል እንደሚችል ለሚጠይቅ ሰው ይህ ጥሩ ምሳሌ ነው፤ ስለ ማኅበራዊ ሥራ የሚመራመሩ ሰዎች እንዲህ ያለውን ነገር ለሥነ ጥበብ ተቺዎች ብቻ መተዋቸው ያስገርማል።

እንዲህ ያሉት ኩዊልቶች በግድግዳ ላይ እምብዛም የማይታዩበት ምክንያት በመጀመሪያ ማለቃቸው ነው። በአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት (1861–1865) የሴቶች ማኅበራት ለቈሰሉ ወታደሮች ብዙ ሺህ ኩዊልቶችን ሰፍተው «ሳኒተሪ ኮሚሽን» በሚባለው ድርጅት በኩል ላኩ፤ ዛሬ የሚገኙት በጣት የሚቈጠሩ ናቸው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የካናዳ ሴቶች በመቶ ሺዎች የሚቈጠሩ ኩዊልቶችን ለቀይ መስቀል ሰፍተው ወደ እንግሊዝ አገር ልከዋል፤ ከእነርሱም የተረፉት ጥቂቶች ናቸው። ቤተ መዘክር የሚያገኘው በአመዛኙ ሳይለበስ የቈየውን ነው። ስለዚህ በእጁ ካለው ተነሥቶ ስለ ጠቅላላው ሙያ የሚፈርድ ሰው ሥራውን የፈጸመውን ልብስ ትቶ ሳይሠራበት በቀረው ይፈርዳል።

ከዚህም ሌላ የእነዚህ ልብሶች ምስክርነት ያለው በጀርባቸው ላይ ነው። የጦርነቱ ኩዊልት የሚታወቀው በጀርባው ባለው የኮሚሽኑ ማኅተም፥ የካናዳው ደግሞ የቀይ መስቀል ስጦታ መሆኑ በተጻፈባት፥ በጀርባው በተሰፋች ትንሽ ጨርቅ ነው። ኩዊልቱ እንደ ሥዕል ሲሰቀል ግድግዳው የሚሸፍነው ይህንኑ ነው።

ስም በፊት ለፊት የሚሰፋበት ጊዜም አለ። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ለቀይ መስቀል ገንዘብ ለመሰብሰብ ጥቂት ሳንቲም የከፈለ ሰው ስሙ በቀይ ክር በነጭ ጨርቅ ላይ ይጠለፍለት ነበር። ልብሱን ያነበበ ሰው የከፋዮቹን ስም ያገኛል፤ የጠላፊዎቹን ግን ላያገኝ ይችላል።

ከሁሉ ይልቅ ሊመረመር የሚገባው የሜኖናይት ክርስቲያኖች ልማድ ነው። በ1920 የተቋቋመው የርዳታ ድርጅታቸው ሜኖናይት ሴንትራል ኮሚቲ ሁለት ዓይነት ሥራ ይቀበላል። አንደኛው በደቃቅ ስፌት የተሠራ ኩዊልት ሲሆን በሐራጅ ተሸጦ ዋጋው ለርዳታ ይውላል። ሁለተኛው «ኮምፎርተር» የሚባለው ነው፤ ድርቦቹ በስፌት ፈንታ በወፍራም ክር እዚህም እዚያም እየተቋጠሩ ይያያዛሉ፤ ይህም ለስደተኞች ወደ ሶርያ፥ ወደ ዮርዳኖስ፥ ወደ ዩክሬን ይላካል። ድርጅቱ መቶኛ ዓመቱን ሲያከብር በጥር 18 ቀን 2020 በልዩ ልዩ ስፍራ የተሰበሰቡ በጎ ፈቃደኞች 6,500 ኮምፎርተሮችን እንዲያዘጋጁ ታቅዶ ነበር፤ በደቃቅ ስፌት ቢሆን እንዲህ ያለ ነገር ባልታሰበም ነበር።

ቸኩሎ የሚፈርድ ሰው መልካሙ ለባለ ገንዘብ፥ ተራው ለድኻ ተሰጠ ሊል ይችላል። ፍርዱ ግን ልክ አይደለም። ለመኝታ የሚፈለገው ሙቀት፥ መታጠብን መቻልና ቶሎ መድረስ ነው፤ ቋጠሮው ለዚህ ይበቃል፤ ደቃቁ ስፌት ደግሞ ገንዘብ ሆኖ ወደዚያው ይሄዳል። እንዲያውም ቋጠሮው መርፌ ያልለመደውን ሰው፥ ሕፃኑንም ጭምር፥ ከሥራው ያስገባል። ሆኖም አንድ ነገር ሳይነገር አይታለፍም። ለገዢው የቀረበው ልብስ በገዢው ዓይን ይመረመራል፤ ዋጋውም ይጨምራል ወይም ይቀንሳል። ለስደተኛው የተላከውን ግን የሚመረምረው ሰፊው ራሱ ነው፤ ተቀባዩ ቀለሙን ወይም ክብደቱን ቢጠላ ቃሉ ወደ መወጠሪያው የሚመለስበት መንገድ ጠባብ ነው። በደቦ ግን ባለ እርሻው በሥራው መካከል ቆሞ «ይህን እንዲህ አድርጉት» ይላል።

ከካናዳ ከተላኩት ኩዊልቶች ከተረፉት ብዙዎቹ የተገኙት በእንግሊዝ አገር ቤቶች፥ በተቀባዮቹና በልጆቻቸው ዘንድ ነው፤ ስለዚህም የዚያ ሥራ ታሪክ በሰጪዎቹ መዝገብ ብቻ አልቀረም። የኮምፎርተሩን ታሪክ ሊጽፍ የሚነሣ ሰውም ከስፌቱ ክፍል ይልቅ በስደተኞቹ ድንኳን ቢጀምር፥ ልብሱ ለመኝታ ዋለ ወይስ ለበር መጋረጃ፥ ተቈርጦ ለሕፃን ሆነ ወይስ ተሸጠ ብሎ ቢጠይቅ፥ ከሰፊዎቹ አፍ የማያገኘውን ያገኛል።