«እንደኔ ሁን»፣ «እንደኔ አትሁን»

«ኦክቶበር ስካይ»ን (እ.ኤ.አ. 1999) ብዙ ሰው የሚያስታውሰው «ሕልምህን ተከተል» እንደሚል ፊልም ነው። በእውነተኛ ታሪክ ላይ የተመሠረተ ነው፦ በ1957 ስፑትኒክ ስትመጥቅ የተደነቀው ሆመር ሂካም፣ ዌስት ቨርጂኒያ ውስጥ ኮልውድ በምትባል የከሰል ከተማ ከጓደኞቹ ጋር ሮኬት መሥራት ይጀምራል። አባቱ ጆን የከሰል ማውጫው ኃላፊ ነው፤ ልጁም ተከትሎት ጉድጓድ እንዲወርድ ይፈልጋል። ዳይሬክተሩ ጆ ጆንስተን ነገሩን ለሁለት ከፍሎታል፦ አባት ወደ ታች፣ ልጅ ወደ ላይ።

ያምራል፤ ግን ፊልሙ ራሱ የሚያሳየን ሌላ ነው። የሮኬቱ ብረት የሚበየደው የት ነው? ማውጫው ወርክሾፕ ውስጥ። ማን ነው የሚበይደው? የማውጫው ሠራተኛ። ሆመር ከአባቱ ሥራ የሚሸሸው በዚያው ሥራ መሣሪያ ነው። የልጆቹን ተስፋ ያጠበበው የአባቶቻቸው ሥራ ሳይሆን፣ ከተማዋ ውስጥ ከእሱ ሌላ ሥራ አለመኖሩ ነው። ታላቅ ወንድሙ እንኳ መውጫ ያገኘው በአሜሪካ ፉትቦል ስኮላርሺፕ ነው። ለዚህም ነው አባትየው ተጎድቶ ሆመር ትምህርቱን ትቶ ጉድጓድ የሚወርድበት ክፍል ከሁሉም በላይ የሚከብደኝ። ልጁ ሕልሙን አልጣለም፤ ቤቱ ደመወዝ አጣ እንጂ። ጆንስተን ይህን ጀግናው እንደሚያልፈው አንድ ፈተና ብቻ አድርጎ ያየዋል። ለብዙ ልጆች ግን ታሪኩ እዚያው ነው የሚያበቃው።

እኛ ቤት ነገሩ ተገላቢጦሽ ነበር። መካኒኩ አባቴ «እንደኔ አትሁን» ነው የሚለኝ። ጋራዥ ስሄድ መፍቻ አያስነካኝም፤ «ደብተርህን ያዝ!»። ያዝኩ፣ ኢንጂነሪንግ ተመረቅኩ፣ አሁን ሶፍትዌር እሠራለሁ። ግን ኮድ ውስጥ ስህተት ስፈልግ የማደርገው እሱ ሲያደርግ ያየሁትን ነው። የካንዴላ ገመዶቹን አንድ በአንድ እየነቀለ የሞተሩን ድምፅ ያዳምጥ ነበር፤ እኔም ክፍሎቹን አንድ በአንድ እያጠፋሁ የትኛው እንዳበላሸ አያለሁ። «አትሁን» ቢለኝም ሥራው ገብቶብኛል።

ጆን «ሁን» ሲል፣ የእኛ ወላጆች «አትሁን» ሲሉ፣ ሁለቱም የሚናገሩት ስለ ልጁ ሳይሆን ሥራቸው ስላደረሰባቸውና ስለሰጣቸው ነገር ነው። ልጁ ደግሞ ከምክሩ ይልቅ ሥራውን ራሱን ያያል። ፊልሙ መጨረሻ ላይ የመጨረሻዋን ሮኬት የሚያስወነጭፋት አባትየው ነው። ብዙዎች እርቅ ይሉታል። እኔ የሚገባ ድርሻ እለዋለሁ። ፊልሙን እዩት፤ ወርክሾፑን ግን እንዳታልፉት።