ከቆላው የተሰማ ግጥምና የእንግሊዝኛው መድበል

የብዙ ባለቅኔዎችን ቃል ሰብስቦ በአንድ መጽሐፍ ማኖር ቀላል ሥራ የሚመስለው ላልሞከረው ሰው ነው። መራጩ አንዱን ሲያነሣ ሌላውን ይተዋል፤ ያነሣውም ቢሆን ከበቀለበት ስፍራ ተነቅሎ በሌላ ስፍራ የሚተከል ስለ ሆነ፣ መጽደቁ ወይም መድረቁ የሚታወቀው ቈይቶ ነው። በ2020 ዓመት እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በእንግሊዝ አገር በማንቸስተር ከተማ ካርካኔት የተባለው ማተሚያ ቤት ያወጣው፣ ስሙም በቋንቋችን «ከዛፎች የምንማራቸው ዘፈኖች» ሊባል የሚችለው የአማርኛ ግጥም መድበል በዚህ ዓይን ሊመረመር ይገባዋል። የአማርኛን ግጥም ከጥንት እስከ ዛሬ ሰብስቦ በእንግሊዝኛ በማቅረብ የመጀመሪያው መድበል እርሱ ነውና፣ የውጭ አገር ሰው ስለ ቅኔያችን የሚፈርደው ብዙ ዘመን በዚሁ መጽሐፍ ሊሆን ይችላል።

ሥራው የሁለት ሰዎች ነው። አንደኛው ክሪስ ቤኬት፣ በልጅነቱ በዐፄ ኃይለ ሥላሴ ዘመን በአዲስ አበባ ያደገ የእንግሊዝ ባለቅኔ ነው፤ ሁለተኛው አለሙ ተበጀ፣ ከአገሩ ወጥቶ በለንደን የተቀመጠ ኢትዮጵያዊ ገጣሚና ጋዜጠኛ ነው። ይህ ጥምረት ለመጽሐፉ ታላቅ ረድኤት ሆኖታል። በእንግሊዝኛ ደኅና አድርጎ ሊገጥም የሚችለው በእንግሊዝኛ አፉን የፈታ ሰው ነው፤ የአማርኛውን ውስጠ ነገር የሚያገኘውም በአማርኛ አፉን የፈታ ነው። ከሁለቱ አንዱ ብቻውን ሠርቶት ቢሆን ኖሮ፣ ወይ ቃሉ ቀንቶ ግጥሙ የሞተ፣ ወይ ግጥሙ አምሮ ነገሩ የሳተ በሆነ ነበር።

የመጽሐፉም ስፋት የሚያስደስት ነው። ፉከራው፣ የነገሥታቱ ውዳሴ፣ የሴቶቹ ሙገሳ፣ መንፈሳዊው ግጥም፣ ለቧንቧ ውሃ የተገጠመው ምስጋና እንኳ ሳይቀር ገብቶበታል። አንዳንድ ሊቅ በቧንቧው ይሥቅ ይሆናል፤ እኔ ግን ውሃ በእንስራ ከሩቅ ወንዝ ለሚቀዳበት አገር ይህ ምስጋና ከንጉሥ ውዳሴ አያንስም እላለሁ። ከዚያ በኋላ ከበደ ሚካኤል፣ መንግሥቱ ለማ፣ ጸጋዬ ገብረ መድኅን፣ ገብረ ክርስቶስ ደስታና ሰሎሞን ደሬሳ ይከተላሉ፤ በመጨረሻም በአገር ውስጥና በውጭ የሚገጥሙ 30 ያህል የዘመናችን ባለቅኔዎች ቀርበዋል።

ከእነዚህ ውስጥ ባሕር ተሻግሮ የሚደርሰው ሁሉም በአንድ ልክ አይደለም። ገብረ ክርስቶስ ሠዓሊም ነበረና በግጥሙ ዓይን የሚያየው ሥዕል ይበዛል፤ ሥዕል ደግሞ በየትኛውም ቋንቋ ሥዕል ነው። ሰሎሞን ደሬሳም በ1963 ዓ.ም. በወጣው «ልጅነት» በተባለው መጽሐፉ ከለመድነው የቤት አመታት ስለ ወጣ፣ ተርጓሚውን እጅግ አያስቸግረውም። ከበደ ሚካኤል ግን ምክሩና ተረቱ ሲሻገር፣ ልጆች ሁሉ በቃላቸው እንዲይዙት ያደረገው የቤቱ መውደቅ ወዲህ ይቀራል። ከበደ ሚካኤልን በእንግሊዝኛ ብቻ ያነበበ ሰው ጥሩ መምህር እንደ ነበረ ያውቃል፤ አንድ ትውልድ ስለ ምን በቃሉ እንደ ያዘው ግን አያውቅም።

ትልቁ ችግር ከሰምና ከወርቅ ላይ ነው። ፊደላችን የሚጠብቀውንና የሚላላውን ድምፅ ለይቶ አያሳይም። «ገና» ሲላላ ጊዜው አለመድረሱን፣ ሲጠብቅ የልደትን በዓል ይናገራል፤ «ይበላል» ሲላላ ሰውየው በላተኛ ነው፣ ሲጠብቅ ሰውየው ራሱ የሚበላ ነገር ይሆናል። የአገራችን ገጣሚ ይህን ሁለትነት መሣሪያ አድርጎ፣ በባለሥልጣን ፊት ሰሙን ዘፍኖ ወርቁን ለሚያውቁት ይልካል። ተርጓሚው ከሁለቱ አንዱን መምረጥ ግድ ይሆንበታል። ወርቁን ቢሰጥ ግጥሙ ተራ ስድብ ወይም ተራ ልመና ይሆናል፤ ሰሙን ቢሰጥ ትርጉም የሌለው ጨዋታ ይመስላል። በጉባኤ ቃና ሁለት ቤት ብቻ ተናግሮ ጉባኤውን ዝም የሚያሰኝ የቅኔ መምህር ያየ ሰው ይህን ለማስረዳት ብዙ ቃል አያሻውም። መድኃኒቱም ቅኔ ቤቶቻችን ያቈዩት መድኃኒት ነው፤ ይኸውም ቅኔው ስለ ማን፣ የት፣ በምን ምክንያት እንደ ተባለ ከቅኔው ጋር ማስተላለፍ ነው። ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ በ1918 ዓ.ም. ያሳተሙት «መጽሐፈ ቅኔ» ገና ከርእሱ የቀደምትና የደኃርት ሊቃውንት መሆኑን አስታውቆ ይጀምራል። የገበሬ ግጥም ግን በመድበል ሲገባ «የሕዝብ» ከሚባል ስም በቀር ባለቤት አይሰጠውም።

ይህን ነገር በአንድ አገር ምሳሌ ብናየው ይገለጥልናልና ይፋትን እንመልከት። ከጣርማ በር በደብረ ሲና አድርጎ ወደ ሸዋ ሮቢት የሚወርድ ሰው ከደጋው ብርድ ወጥቶ ሽንኩርትና ማሾ ወደሚበቅልበት ሙቀት ይገባል። በዚያ ቆላ አማራውና አርጎባው አብሮ ይኖራል፤ ከምሥራቅ አፋሩ ይዋሰናል፤ የመንዝ ደገኛም እህሉን ይዞ ይወርዳል። ይህ አገር ከአማርኛ ግጥም ታሪክ ጋር የተገናኘው ገና ከጧቱ ነው። ከተጻፉት የአማርኛ ግጥሞች ሁሉ ቀደምት የሚባሉት፣ ጄምስ ብሩስ ከወሰዳቸው ብራናዎች በአንዱ በኦክስፎርድ የሚገኙትና ኢኛጽዮ ጊዲ በ1889 እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ያሳተማቸው የነገሥታት መዝሙሮች ናቸው፤ ከእነርሱም ዐፄ ዓምደ ጽዮንን የሚያወድስ አለባቸው። ዓምደ ጽዮን ደግሞ በ1332 ዓመት እንደ አውሮፓ አቈጣጠር የይፋትን ገዥ ሰብረ ዲንን የወጋው ንጉሥ ነው። እንግዲህ በዚያ ዘመን የድል አድራጊው ወገን ግጥም በብራና ሰፍሮ ደረሰን። የይፋት ሰው በዚያው ወራት ምን ብሎ አለቀሰ፣ ምን ብሎ ፎከረ? በአማርኛ የጻፈለት አልተገኘም። የነገሥታትን ውዳሴ በመድበል የሚያነብ ሁሉ ይህን ዝምታ አብሮ ቢያነብ መልካም ነው።

በእኛ ዘመን ግን ዝምታው በከፊል ተሰብሯል። ዶክተር ፈቃደ አዘዘ የሰሜን ሸዋ ገበሬዎች ስለ ድርቅና ስለ ረኀብ የገጠሙትን ከአፋቸው ሰብስበው፣ በእንግሊዝኛ አጥንተው፣ በ1998 ዓመት እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ማተሚያ ቤት አሳትመዋል። የመጽሐፉ ስም «ያልተሰሙ ድምፆች» እንደ ማለት ሲሆን፣ ርእሱ ድርቅን፣ ረኀብንና እግዚአብሔርን በአንድነት ያነሣል። በ1977 ዓ.ም. ያለቀውን ሰው ቍጥር የሚነግሩን መጻሕፍት ብዙ ናቸው፤ የተራበው ራሱ ምን እንዳለ የሚነግሩን ግን ጥቂት ናቸው። እነዚህ ገበሬዎች ፈጣሪን ይለምናሉ፣ ይጠይቃሉ፣ ይወቅሳሉም። ከካህናት ወገን ይህ ድፍረት ነው የሚል ይኖር ይሆናል፤ ነገር ግን መጽሐፈ ኢዮብን እስከ ፍጻሜው ያነበበ፣ መዝሙረ ዳዊትንም በየዕለቱ የሚደግም ሰው፣ ከአምላኩ ጋር የሚከራከረው አምላኩን ያልተወ ሰው እንደ ሆነ ያውቃል። ልጁን ቀብሮ የተመለሰ ገበሬ በሁለት ስንኝ የተናገረውን ከአደባባይ ውዳሴ ጋር አስተካክዬ ብመዝነው፣ የትኛው እንደሚከብድ ለእኔ ግልጥ ነው።

የማንቸስተሩን መድበል ከዚህ ሥራ ጋር አስተያይቼ ስመለከተው ልዩነቱ ይታየኛል። መድበሉ ሰፊ ነው፤ አንባቢን ከፉከራ ወደ ፍቅር፣ ከቤተ መንግሥት ወደ ስደት ፈጥኖ ያዘዋውራል፤ ለእንግዳ ሰውም በር ከፋች ነው። የፈቃደ መጽሐፍ ጠባብ ነው፤ ነገር ግን በአንድ አገርና በአንድ መከራ ላይ ቆሞ ስለሚያዳምጥ፣ ግጥሙ ከነምክንያቱ ይደርሰናል። የአፍሪካን ባለቅኔዎች እናክብር የሚል ሁሉ የመጀመሪያውን ዓይነት መጽሐፍ ያዘጋጃል፤ ሁለተኛውን ዓይነት ግን እግሩን አቧራ ያስነካ ብቻ ይሠራዋል። ያለ ሁለተኛው፣ የመጀመሪያው ከየት ይቀዳል?

በይፋት ገና ያልተቀዳ ብዙ አለ። በወሎና በአጎራባቹ አገር ሙስሊሙ በአማርኛ የሚደርሰው መንዙማ፣ አንዳንዱም በዐረብኛ ፊደል የተጻፈው፣ ከአማርኛ ግጥም ቤት የወጣ ልጅ ሆኖ ሳለ የአማርኛ ግጥም ታሪክ ሲጻፍ ዘወትር በዳር ይቀመጣል። አርጎብኛ የአማርኛ እኅት ቋንቋ ናት፤ በይፋት ግን ብዙው አርጎባ አማርኛ ተናጋሪ ሆኗልና፣ በዚያች ቋንቋ የተዘፈነው ከሽማግሌዎቹ ጋር ወደ መቃብር እንዳይወርድ ያሰጋል። የአልቃሽ ሙሾም እንዲሁ ነው፤ ሰባት ቀን ሳይሞላው ይረሳል።

የመድበሉ አዘጋጆች ሁለተኛ እትም ቢያስቡ፣ ከእያንዳንዱ ባለቤት የሌለው ግጥም በታች የተሰማበትን ወረዳ፣ ከተቻለም የተናገረውን ሰው ሥራና የተባለበትን ምክንያት በሁለት መስመር ያስገቡ ዘንድ እንመኛለን። በሸዋ ሮቢት ያሉ መምህራንና የደብር ጸሐፊዎችም ያንን እስኪጠብቁ ሥራ አይፈቱም፤ አንድ ደብተርና የሽማግሌዎቹ ፈቃድ ይበቃቸዋል፤ ማጥበቅና ማላላቱንም ከቃሉ በላይ በነጥብ ምልክት ያድርጉበት።